የመምህሩ ወረፋ

የሞተ ሰው ተኝቶ ሲገኝ አንድ ነገር ነው። መምህር ኤርጫፎ ግን ተቀምጠው ነው የተገኙት። ጫማቸውን አስረው፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የሆስፒታል ካርዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ለመውጣት ተሰናድተው አንድ አፍታ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቁጭ ያሉ ነው የሚመስሉት።

ኢንስፔክተር ሽብሩ ሀንዲሶ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ሥራው ሆሳዕና ውስጥ ብዙ ሬሳ አይቷል፤ ቢላዋ የነካው፣ ውሃ ያሳበጠው፣ ገመድ ያነቀው። እንዲህ ቀጠሮ እንዳይረፍድበት የሰጋ የሚመስል ሬሳ ግን አይቶ አያውቅም። 

"በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ፣" አለ የፔንሲዮኑ ባለቤት ሙሉአለም፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ። "ሐሙስ ሆስፒታል ይታዩና ወደ ሺንሺቾ ይመለሳሉ። የሽንት ነገር ያስቸግራቸዋል መሰለኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጭምት ሰው። ዛሬ ቁልፉን ሳይመልሱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አንኳኳሁ፣ ዝም። ከፈትኩ። ኢንስፔክተር፣ እኔ እኮ 'ደህና አደሩ ጋሼ?' ብያቸዋለሁ። ዓይናቸው ተከፍቶ እያዩኝ!"

"ማታ እንግዳ መጥቶባቸው ነበር?"

"ማንም ዝር አላለም። ብቻ ማምሻውን ሲገቡ ደስ ብሏቸው ነበር። 'ሙሉአለም፣ ዛሬስ መድኃኒቴን አገኘሁ' አሉኝ።"

ሳጅን ሱምያ ጓንቷን አጥልቃ የሟቹን ኪስ ትፈትሻለች። ለፖሊስነት ገና አራት ዓመቷ ቢሆንም ዓይኗ ከብዙ ነባሮች ይበልጣል። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታህል የወረቀት እሽግ አወጣች። ሙጫ የላትም፣ ክር የላትም፤ ወረቀቱ በራሱ ላይ ታጥፎ ታጥፎ ተቆልፏል። ሱምያ ከወዲያ ወዲህ አገላብጣ መክፈቻው ሲጠፋባት ልትቀድደው ጫፉን ያዘች።

"ስጪኝ፣" አለ ሽብሩ። በአውራ ጣቱ አንዱን ጥግ ጫን አድርጎ ሌላውን ሳብ ሲያደርገው ወረቀቱ ያለ ምንም ጭረት ተከፈተ።

"እንዴት ቻሉበት?"

"እኔ እንጃ።"

እውነቱን ነው። የቻሉበት ጣቶቹ ናቸው፤ እሱ አላሰበበትም። ወረቀቱን ቶሎ ወደ ሱምያ ገፋው። ውስጡ ግማሹ ግራጫ ግማሹ ነጭ የሆኑ ዘጠኝ ካፕሱሎች ነበሩ። ምንም አልተጻፈባቸውም። ከአልጋው አጠገብ ያለው ኮመዲኖ ላይ ደግሞ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና የልብ መድኃኒት ክኒኖች ተቀምጠዋል።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ቁስልም፣ የመታነቅ ምልክትም አላገኘም። ልባቸው ቆሟል። ለምን እንደቆመ ግን ከአዲስ አበባ የደም ምርመራው እስኪመጣ መገመት አልፈለገም። "በእነዚያ እንክብሎች ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እኔ ብሆን ከእሱ እጀምራለሁ፣" አለ።

ሽብሩ ማምሻውን ጎፈር ሜዳ ካለው የአባቱ ቤት ጎራ አለ። አባቱ አቶ ሀንዲሶ ሠላሳ አምስት ዓመት በፖስታ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሰባ ስምንት ዓመቱን የያዘ ሰው ነው። ከግቢው ጥግ እንሰቱን ሲኮተኩት አገኘው። ከሦስት ወር በፊት ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ መውረድ የማይችለው ሰው! ሽብሩ አጥሩን ይዞ ቆሞ አየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሞች ሽብሩን ለብቻው ጠርተው የአባቱ በሽታ የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑን ነገሩት። ሽብሩም እህቱን ጣቢታን፣ አጎቶቹን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችንም ሰብስቦ አንድ ቃል አስገባቸው፦ እንዳይሰማ። ከሰማ በሽታው ሳይሆን ድንጋጤው ይገድለዋል አለ። ለአባቱ የተነገረው "የሽንት ቧንቧህ ጠቧል፣ ኢንፌክሽንም አለው" የሚል ነው። በዚህ አገር ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ካለ እስኪ ይነሳ። ሐኪሞቹ ያዘዙለት መርፌ ዓመት ሠራ፤ ከዚያ ካንሰሩ መድኃኒቱን ተላመደው። አጥንቱ ውስጥ ገባ። ዘንድሮ በጥር ሐኪሙ "ከዚህ በኋላ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው" አለ። ሽብሩ ለለቅሶ የሚለብሰውን ጥቁር ኮት ሳይቀር አስጠግኖ ነበር።

ከዚያ አባቱ ተነሳ። ምእመናን ምስክርነት ሰጡ፣ ተዘመረ። ሽብሩም እንዴት ብሎ አልጠየቀም፤ ተአምር ምርመራ አይወድም ብሎ ራሱን አሳመነ።

"ሐኪም ቤት ደርሰህ መጣህ?" አለው ጉንጩን ስሞ።

"ደረስኩ እንጂ። ወረፋው አይጣል ነው!" አለ አባቱ። "ዛሬማ ለሁለት ሰው ነው ቆሜ የዋልኩት።" ጎንበስ ብሎ ሁለት ራስ ጎመን ነቀለና ሰጠው። ይህ ሰው እንግዳን ባዶ እጁን ሸኝቶ አያውቅም። ሽብሩ የሥራ ነገር ቤት አያወራምና ስለ ሟቹ ትንፍሽ አላለም። ጎመኑን ይዞ ሄደ።

ሆሳዕና ውስጥ የዱቄትን ምንነት ለይቶ የሚናገር ሰው ቢፈለግ አንድ ብቻ ነው የሚገኘው፦ ከከተማው ዳር ባለው የመድኃኒት ምርምር ማዕከል የምትሠራው ኬሚስቷ ዶክተር ሮዳስ። አርብ ጠዋት ሽብሩ አንዱን ካፕሱል ይዞላት ሄደ። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ካፕሱሉን ስታይ ቀለሟ ተለወጠ። ከፍታ ጥቂት ዱቄት ወደ መመርመሪያው መሣሪያ ወሰደች። ስትመለስ ሳትቀመጥ ጠየቀች።

"ሰው ሞቷል ነው ያሉኝ? ማን?"

"የሺንሺቾ ሰው ናቸው። ጡረተኛ መምህር።"

ሮዳስ እፎይ አለች። በግልጽ፣ ትከሻዋ እስኪወርድ ድረስ። ሽብሩ ይህን በልቡ መዘገበው፤ ሰው ሞተ ሲሏት እፎይ የምትል ሴት አጋጥማው አታውቅም።

"ዱቄቱ የእኛ ነው፣" አለች ከዚያ። "ቁጥር ሠላሳ አራት እንለዋለን።"

"ምን ያደርጋል?"

"የፕሮስቴት ካንሰር የሚኖረው በወንድ ሆርሞን ነው። ሕክምናው ሆርሞኑን ይቆርጥበታል። ካንሰሩም መጀመሪያ ይዳከማል፣ በኋላ ግን ይለምደዋል። ሆርሞኑን የሚቀበለውን ፕሮቲን ቅርጹን ይለውጥና ያለ ሆርሞን መኖር ይጀምራል። በሩ ሲዘጋበት በመስኮት ይገባል ልበልዎት። እኛ የምንሞክረው ፕሮቲኑን መዝጋት ሳይሆን ጨርሶ ማፍረስ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓይነት ሠርተን ጣልን። አንዱ አይሟሟም፣ አንዱ ጉበት ያቃጥላል፣ አንዱ ሆድ ውስጥ ይበላሻል። አንዲት ጫፉን ቀየርንና ሠላሳ አራተኛው ሠራ። አይጥ ላይ ማለቴ ነው።"

"ሰው ላይስ?"

"ሰው ላይ ዓመታት ይቀረዋል፣" አለችና ዓይኗን ሰበረች። "ሟቹ... የልብ መድኃኒት ይወስዱ ነበር?"

"እንዴት አወቁ?"

"ከልብ መድኃኒት ጋር ስንሰጣቸው አይጦቹ ሞቱብን። አይንፈራገጡም፣ አይወድቁም። ጥግ ይዘው ቁጭ እንዳሉ።"

ሽብሩ አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጡት መምህር ታዩት። ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ።

"ከዚህ ማን አወጣው ዶክተር?"

"አላውቅም።"

መሄድ ነበረበት፤ ግን አልሄደም። ከመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ጥቁር ጠርሙስ ይታየዋል። አባቱ ደግሞ ይታየዋል፤ ተአምሩ ያለቀ ቀን፣ አጥንቱ እንደገና ሲጮህ። "አንድ የማውቀው ሰው አለ፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መርፌው እምቢ ያለው። ልቡ ግን ጤነኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይህን ቢያገኝ...?"

ሮዳስ አየችው። የሚያስፈራ እዝነት ነበረበት አስተያየቷ። "ይሂዱ ኢንስፔክተር፣" አለችው። "እባክዎ ይሂዱ።"

አፍሮ ወጣ። ፖሊስ ሆኖ ለስርቆት ማመልከቻ ያስገባ ያህል ተሰማው።

ቅዳሜ ከሱምያ ጋር ሺንሺቾ ወረዱ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ሞልቷል። የሟች የወንድም ልጅ አሞጽ ከመምህሩ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሽማግሌ መሃል እንደገባ ሁሉም ሹክ አላቸው። ሱምያ ወደ ጓሮ ወስዳ አፋጠጠችው።

"ረቡዕ ማታ የት ነበርክ?"

"አዲሎ ከተማ። የጭነት መኪናዬ ጎማ ፈነዳና እዚያው አደርኩ። ሠራተኞቹን ጠይቂ፣ የጋራዡን ሰውዬ ጠይቂ፣" አለ አሞጽ። ከዚያ ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰው ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። "ሳልታረቀው! እሑድ ልንታረቅ ነበር እኮ!"

ሱምያ አዲሎ ደወለች፤ የጋራዡም ሰውዬ፣ ሁለት ሠራተኞችም ቃሉን አጸኑለት። የድንበሩ ጠብ በዚያው ቀረ።

ባልቴቷ ወይዘሮ ገነቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽብሩ አጠገባቸው በርከክ አለ።

"እማማ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሰጣቸው ነግረውዎታል?"

"ሆሳዕና ወንድም አገኘሁ ይለኝ ነበር፣" አሉ በከምባትኛ ቃና በሚጎተት አማርኛ። "ስሙን አልነገረኝም። እንደሱ ሽንት የሚያመው ሽማግሌ ነው። ከማደሪያው ሲዘገይ ወረፋ ይይዝለታል። ሰልፉ ላይ ድንጋይ ያስቀምጥለታል። 'እኔን ያዳነኝ መድኃኒት አለ፣ በሽታችን አንድ ነው፣ ለአንተም አመጣልሃለሁ' አለው። የኔ ጌታ እንዴት ደስ እንዳለው! ልጄ፣ ያ ሽማግሌ ይሙት ይኑር አላውቅም። ካገኘኸው ደህና መሆኑን ላክብኝ። እሱም ከዚያው ከበላ እኮ ይሞታል።"

ገዳዩ እንዳይሞት የምትጨነቅ ሚስት! ሽብሩ "እሺ እማማ" ብሎ ተነሳ።  ለሁለት ሰው ነው ቆሜ የዋልኩት፤ ይህች የአባቱ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣሽ ሳይላት መጥታ ጆሮው ውስጥ ተቀመጠች። አባረራት። በሆሳዕና ስንት ሽማግሌ ነው ወረፋ የሚቆመው! 

"ኬሚስቷን ልያዛት?" አለች ሱምያ መኪናው ውስጥ። "የሟቹን ማንነት ስትሰማ እፎይ አለች ብለውኛል። የምትፈራው ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ሌላ የሚወስድ ሰው መኖሩን ታውቃለች።"

"ቆይ እስኪ። ዱቄቱ የእሷ ነው፤ ካፕሱሉስ? እዚያ ቤት ዱቄት እንጂ ካፕሱል አላየሁም። ባዶውን ካፕሱል ማን እንደገዛ እንወቅ።"

ሱምያ ሰኞና ማክሰኞ መድኃኒት ቤቶቹን አንድ በአንድ አዳረሰች። ባዶ ካፕሱል የሚያመጣው ዳኘ የሚባል አንድ ባለ ፋርማሲ ብቻ ሆነ። ዳኘ ለማን እንደሸጠ ሲጠየቅ መጀመሪያ "አላስታውስም" አለ፣ ቀጥሎ "አልሸጥኩም" አለ። ሱምያ ወደ ኋላ ክፍል ስትገባ ግራጫና ነጭ ካፕሱል የሞላበት ካርቶን ከጋዜጣ ሥር ተደብቆ አገኘች። ረቡዕ ጠዋት ዳኘን ጣቢያ ይዛው መጣች። ፊቷ በርቷል፤ የምትፈልገውን ሰው ያገኘች መስሏት።

ዳኘ ወንበሩ ላይ ላብ በላብ ሆኗል። "ከኢንስፔክተሩ ጋር ብቻዬን ላውራ፣" አለ።

"እኔ እያለሁ ተናገር!" አለች ሱምያ።

"ሳጅን፣ አንዴ ውጪልን፣" አለ ሽብሩ። በሩ ተዘጋ። "በል፣ ለማን ሸጥክ?"

"ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነበር እኮ! ፖሊስ ስትመጣብኝ ስሙን የደበቅኩት ለእርስዎ ብዬ ነው።" ዳኘ መሃረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። "ሲስተር ጣቢታ ናት። እህትዎ። ከየካቲት ጀምሮ። 'አባቴን መድኃኒቱ ስለሚመረው ነው' አለችኝ። ለጋሽ ሀንዲሶ ነው ብዬ ምን እጠይቃለሁ?"

 ጠረጴዛው ላይ፣ የኤግዚቢት ፖስታው ውስጥ፣ ያቺ የወረቀት እሽግ አለች። አሁን ሐሳቡን ማባረር አልቻለም። አንደኛ ክፍል እያለ ለእርሳስ መግዣ ሳንቲም በእንዲህ ያለ እሽግ ነበር የሚሰጠው። ዘር ለጎረቤት፣ ቅመም ለአክስቱ፣ የወለቀ ቁልፍ ለእናቱ፣ ሁሉም በእንዲህ ያለ እሽግ። ፖስታ ቤት ሙጫ ሲጠፋ አባቱ ራሱ የፈጠረው አስተጣጠፍ ነው። ጣቶቹ ሐሙስ ዕለት አውቀውታል፤ እሱ ስድስት ቀን ዋሽቷቸዋል።

ሱምያ በሩን ከፍታ ገባች። ፊቱን አየች፣ እሽጓን አየች። አልጠየቀችውም። "ያን ቀን እንዴት እንደከፈቱት አልረሳሁትም ነበር፣" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎ እስኪነግሩኝ እየጠበቅኩ ነው።"

"ነገ እሰጥሻለሁ። መዝገቡን በሙሉ፣" አላት። "ከዚያ በፊት ሁለት ሰው ላናግር።"

"ኢንስፔክተር፣ ይህ ደንብ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"እስከ ነገ አምስት ሰዓት፣" አለች ሱምያ። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ጣቢታ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሕፃን እየከተበች ነበር። ወንድሟን በሩ ላይ ስታይ መርፌውን አስቀምጣ ተከትላው ወጣች። ግቢው ውስጥ ካለው የብረት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዘርዝሮ ነገራት፤ የመምህሩን አቀማመጥ ሳይቀር። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሮዳስን እኔ ነኝ የለመንኳት፣" አለች እጇን ከአፏ አውርዳ። "ስለ ምርምሯ እዚህ መጥታ ስታስተምር ሰማኋት። ሦስት ጊዜ እምቢ አለችኝ። በአራተኛው እግሯ ላይ ወደቅኩ። አባቷም የሞተው በዚሁ በሽታ ነው ሽብሬ፤ አልቻለችም። በየሳምንቱ የአባዬን ደም እየወሰድኩ እሰጣታለሁ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። የልቡን ምርመራም አስቀድማ አሠርታዋለች።"

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ለአባዬ ለምን አልነገርከውም?" ቀና ብላ አየችው። "ከሰማ ይሞታል አልክ። እኔም ከሰማህ ትከለክለኛለህ ብዬ ፈራሁ። ፖሊስ ነህ።"

"ለሰው እንዳይሰጥስ አላስጠነቀቅሽውም?"

"'ይህ ያንተ ብቻ ነው' ብዬዋለሁ። አባዬ ደግሞ የእኔ ብቻ የሚለው ነገር መቼ ኖሮት ያውቃል?" እንባዋ ዝርግፍ አለ። "ካንሰር ነው ብዬው ቢሆን እኮ... የሽንት ቧንቧ መስሎታል። ሽንት የሚያመውን ሁሉ የእሱ በሽታ ያለበት መስሎታል።"

ሽብሩ እጇን ያዘ። ነገ ይህችን እጅ ሱምያ እንደምትይዛት ሁለቱም ያውቃሉ። "ስንት ካፕሱል ቀረው?" አላት።

"የአሥር ቀን። ከዚያ በኋላ..." አልጨረሰችውም።

ከዚያ በኋላ ሮዳስ ትያዛለች፣ ጥቁሩ ጠርሙስ ይታሸጋል፣ አባቱም ወደ አልጋው ይመለሳል። ዝም ቢልስ? የመምህሩ ልብ ደካማ ነበር፣ ዕድሜያቸው ሄዷል፣ የአዲስ አበባው ውጤት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ወር! በአንድ ወር ስንት እንሰት ይኮተኮታል! ሽብሩ ይህን ሁሉ አሰበ። ያሰበበትን ሰዓትም ዕድሜ ልኩን ያፍርበታል።

ሐሙስ ጠዋት ጎፈር ሜዳ ሲደርስ አባቱ የለም። ጎረቤት "ወደ ሆስፒታል ሄዷል" አለው። ቀጠሮ እንደሌለው ያውቃል። ባጃጅ ይዞ ከነፈ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ከሽንት ሕክምና ክፍሉ በር እስከ አጥሩ ድረስ፣ የወረፋው መስመር ተዘርግቷል። ሰዎቹ ሣሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ወረፋውን የያዙላቸው ዕቃዎቻቸው ናቸው፦ ጃንጥላ፣ ከዘራ፣ የተጠቀለለ ነጠላ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ብዙ ድንጋይ። ቆሞ የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቱ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አጥብቆ፣ አንድ ክብ ድንጋይ አጠገብ ቆሟል።

"አንተ ደግሞ ምን አመጣህ?" አለው ሲያየው።

"ማንን ነው የምትጠብቀው አባዬ?"

"መምህሩን። የሺንሺቾ ወዳጄ ነው። ባለፈው ሐሙስ ወረፋ ይዤለት ስጠብቅ ቀረብኝ። ዛሬ አይቀርም ብዬ ነው። ዘግይቶ ከመጣ ወረፋው እንዳያልፈው።" መስመሩ አንድ እርምጃ ሲጓዝ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ አስጠጋው።

ሽብሩ ፖስታውን ከፍቶ ባዶዋን ወረቀት በመዳፉ ላይ አሳየው። የአባቱ ፊት በራ።

"የእኔ እሽግ! የት አገኘኸው? ረቡዕ የሰጠሁት መድኃኒት ነበረበት እኮ። ሠራለት?"

"ሞተዋል አባዬ። በማግሥቱ ጠዋት። ልባቸው ታማሚ ነበር፤ መድኃኒቱ ልባቸውን አቆመው።"

አባቱ ድንጋዩን አየ።   "የሽንት ቧንቧ መድኃኒት እንዴት ልብ ያቆማል?" አለ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሽብሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሽቶታል። "የሽንት ቧንቧ መድኃኒት አይደለም። የካንሰር ነው። ገና ተሠርቶ ያላለቀ።"

"የማን ካንሰር?"

"ያንተ።"

ሰው እየተገፋፋ ወደ በሩ ሄደ። ነርሷ ስም ትጠራለች። አቶ ሀንዲሶ በሁለት እጁ ባርኔጣውን አወለቀ። አልወደቀም፣ አልጮኸም፣ ልቡም አልቆመም። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈሩት ድንጋጤ መጥቶ ፊቱ ላይ አለፈና ሰውየው እንደቆመ ቀረ።

"ማን ነው አትንገሩት ያለው?"

"እኔ።"

"ፈርተህልኝ ነው።"

"አዎ።"

አባቱ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ሌላ እሽግ አወጣ፤ የቀሩት ካፕሱሎች ናቸው። ዘረጋለት። ሽብሩ መቀበል አቃተው። በዚያች ወረቀት ውስጥ ያለው የአባቱ እግር ነው፣ እንሰት መኮትኮቱ ነው፣ ያለ ሕመም የሚነጋለት አሥር ጠዋት ነው።  አባቱ ራሱ ኪሱ ውስጥ ከተተለትና ኪሱን መታ መታ አደረገለት።

"ይህንንም ከመዝገብህ አስገባ። ምስክርም ከፈለግህ እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ በእጄ። አሁን ሺንሺቾ አድርሰኝ።"

"ምን ልትላቸው ነው?"

"ለሚስቱ ያደረግሁትን። በሽታዬንም ጭምር። አንተ አፍህን እንዳትከፍት፤ ማሳመር ታውቅበታለህ።"

አጎንብሶ ድንጋዩን ከመስመሩ አነሳው። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ክፍተቱን አይታ ዘንቢሏን አስጠጋች። ድንጋዩን ይዞ ወደ በሩ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ቆመና ዞረ። ሽብሩ በሕይወቱ ብዙ የእምነት ቃል ተቀብሏል፣ ብዙ ክስም ጽፏል፤ እንደዚህ ያለ ድምፅ ግን ሰምቶ አያውቅም፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

"ብትነግሩኝ ኖሮ እኮ፣" አለ አባቱ፣ "አልሰጠውም ነበር።"